ሆድ የሚሞላ ሁሉ ኃይል ይሰጣልን?

እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 20 ቀን 1941 ጀምሮ፣ በጀርመን ጦር ተከባ በነበረችው በሌኒንግራድ ከተማ፣ ለአንድ የፋብሪካ ሠራተኛ በቀን የሚታደለው ዳቦ 250 ግራም ሆነ። ለቢሮ ሠራተኛ፣ ለጥገኛና ለሕፃን የሚደርሰው ደግሞ 125 ግራም ብቻ ነበር። በግንባር ለተሰለፈው ወታደር 500 ግራም፣ ከግንባር ኋላ ላለው 300 ግራም ተመደበ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ቁጥር ስለ ከበባው በተጻፉ መጻሕፍት ሁሉ ተደጋግሞ የሚገኝ ስለሆነ ብዙ አንባቢ ያውቀው ይሆናል። ብዙ የማይነገርለት ግን፣ 125 ግራም የተባለው ያ ቁራሽ በውስጡ ምን ይዞ እንደነበረ ነው። የከተማይቱ የእህል ጎተራ እየተሟጠጠ ሲሄድ ዳቦ ጋጋሪዎቹ በዱቄቱ ላይ ፋጉሎ፣ ከወፍጮ ቤት የተጠረገ ብናኝ፣ ከባዶ ጆንያ የተራገፈ ትራፊ ይጨምሩ ጀመር። በመጨረሻም ከእንጨት የተዘጋጀ ሴሉሎስ ተጨመረበት። ይህን ሴሉሎስ ለዳቦ እንዲሆን አድርጎ የማዘጋጀቱን ዘዴ ያወጡት በፕሮፌሰር ቫሲሊ ሻርኮቭ የሚመሩ የእንጨት ኬሚስትሪ ባለሙያዎች ነበሩ። በአንዳንድ ሳምንታት ከዳቦው ቅልቅል አንድ አሥረኛው ያህሉ ከዚሁ ከእንጨት የተገኘ ነገር ነበር።

በሚዛን ላይ ሲቀመጥ 125 ግራም ያው 125 ግራም ነው። በሆድ ውስጥ ግን እንደዚያ አይደለም። በደኅናው ዘመን የተጋገረ 125 ግራም ጥቁር ዳቦ 300 ካሎሪ ያህል ይሰጣል። ውኃ የበዛበትና ሴሉሎስ የገባበት ዳቦ ከዚያ ያነሰ እንደሚሰጥ የታወቀ ነው። አንድ አዋቂ ሰው ምንም ሥራ ሳይሠራ ተኝቶ ቢውል እንኳን፣ ልቡ እንዲመታ፣ ሳንባው እንዲተነፍስና ሙቀቱ እንዲጠበቅ ብቻ በቀን 1,500 ካሎሪ ገደማ ያስፈልገዋል። በ872 ቀናት ከበባ ውስጥ ከ600,000 በላይ የሚሆን ሰላማዊ ሕዝብ አልቋል፤ የሚበዛውም በረኃብ ነው። ሴሉሎሱ ዳቦውን አከበደው እንጂ በላተኛውን አላበረታውም።

ታዲያ ይህ በጦርነት ጊዜ ሰው ተገድዶ ያደረገው ነገር፣ ዛሬ በሰላም አገር በትላልቅ ፋብሪካዎች በፈቃድ የሚሠራ፣ በሚያምር ወረቀት ተጠቅልሎ ለጠገበው ሰው በውድ ዋጋ የሚሸጥ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? ክብደት ያለው፣ መጠን ያለው፣ አፍ የሚሞላ፣ ነገር ግን ኃይሉ አነስተኛ የሆነ የምግብ ማብዣ ማለት ነው። ስለዚህ ነገር ከማውራት በፊት ግን ካሎሪ የተባለው መለኪያ ራሱ ከየት እንደመጣ ማየቱ ይበጃል።

ካሎሪ የሙቀት መለኪያ ነው። በምግብ ነገር ካሎሪ ስንል አንድ ኪሎ ውኃን በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያሞቀውን ያህል ሙቀት ማለታችን ነው። አንድን ምግብ አድርቆ፣ ኦክሲጅን በታመቀበት ጠንካራ የብረት ዕቃ ውስጥ አቃጥሎ፣ ዙሪያውን ያለው ውኃ ምን ያህል እንደሞቀ መለካት ይቻላል። ችግሩ እሳት ሁሉን አቃጣይ መሆኑ ነው። አንድ ግራም የስንዴ ስታርችና አንድ ግራም የእንጨት ሴሉሎስ በዚህ ዕቃ ውስጥ ቢቃጠሉ የሚሰጡት ሙቀት አንድ ነው፤ ሁለቱም ከ4 ካሎሪ ትንሽ ይበልጣሉ። እሳቱን ብቻ ብንጠይቅ ዳቦና መጋዝ እኩል ናቸው ማለት ነው።

የሰው ሆድ ምድጃ አለመሆኑን በቁጥር ካሳዩት ሊቃውንት አንዱ አሜሪካዊው ዊልበር አትዋተር ነበር። አትዋተር በ1890ዎቹ ዓመታት በኮኔቲከት በምትገኘው በሚድልታውን ከተማ፣ ሰው ገብቶ ለቀናት የሚቀመጥበት፣ የሚበላበት፣ የሚተኛበትና ከሰውነቱ የሚወጣው ሙቀት ሁሉ የሚለካበት ልዩ ክፍል ከባልደረቦቹ ጋር ሠራ። የሚበላውን መዘነ፤ ከሰውነት የሚወጣውንም መዘነ። የወጣውን ከገባው ላይ ቀንሶ፣ ለሰውነት የቀረውን አሰላ። ከዚህ ድካም የተገኙት ቁጥሮች እስከ ዛሬ ድረስ በየምግቡ ማሸጊያ ላይ ላለው ስሌት መሠረት ናቸው፤ ለፕሮቲን በግራም 4፣ ለቅባት 9፣ ለካርቦሃይድሬት 4 ካሎሪ።

ነገር ግን ካርቦሃይድሬት የተባለው ቤተሰብ አንድ ዓይነት አይደለም። ስታርችም ሴሉሎስም የተሠሩት ግሉኮስ ከተባለው ከአንዱ ስኳር ነው። ልዩነቱ ግሉኮሶቹ እርስ በርስ የተያያዙበት መንገድ ብቻ ነው። በስታርች ውስጥ ያለውን ማያያዣ የሰው ምራቅና የሰው አንጀት ይፈቱታል። የሴሉሎሱን ግን የሚፈታ ቁልፍ ሰው አልተሰጠውም። በሬም ቢሆን ራሱ የለውም፤ ገለባ በልቶ የሚሰባው በጨጓራው ውስጥ የሚኖሩ እጅግ ጥቃቅን ፍጥረቶች ስለሚሠሩለት ነው። በዚህ ረገድ በሬ በሆዱ ሠራተኛ ቀጥሮ ያድራል ቢባል ማጋነን አይሆንም። እንግሊዛዊው ማካንስ ከሥራ ጓደኛው ከሎረንስ ጋር በ1929 ባሳተመው ጥናት ካርቦሃይድሬትን ለሰው የሚውልና የማይውል ብሎ በሁለት የከፈለው ይህን ልዩነት ይዞ ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ቀላል ነበር፤ የሚፈጨው 4፣ የማይፈጨው ዜሮ ይባል ነበር። ዳሩ ግን የሰውም ትልቁ አንጀት ባዶ ቤት አይደለም። በውስጡ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ሳይፈጭ የደረሰላቸውን አሰር ያብላሉታል። ከሚያብላሉት ላይ ከፊሉን ለራሳቸው ይመገባሉ፤ ከፊሉ ጋዝ ሆኖ ይጠፋል፤ የተረፈው አሲዶች ሆኖ በአንጀት ግድግዳ በኩል ወደ ሰውነት ይገባና ኃይል ይሆናል። ስለዚህ አሰር ኃይል የለውም ማለት ስሕተት ነው። በአትክልት፣ በጥራጥሬና በእህል ውስጥ ያለው ተራ አሰር በአማካይ ከመቶ 70 እጁ እንደሚብላላ ተሰልቶ፣ ለአንድ ግራም 2 ካሎሪ እንዲቆጠርለት የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ባለሙያዎች መክረዋል። የአውሮፓ ኅብረትም በ2008 ይህንኑ ቁጥር በሕግ አጽድቋል። የተጣራ የእንጨት ሴሉሎስ ግን በጥቂቱ ብቻ ስለሚብላላ የሚሰጠው ኃይል ከምንም የሚቆጠር አይደለም።

በዚህ ላይ የዴንማርክን ነገር ማንሣት ይገባል፤ የሌኒንግራድን ታሪክ ሰምቶ ሆድ ሞይ ምግብ ሁሉ ክፉ ነው ለሚል ሰው ጥሩ መልስ ነውና። በ1917 በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሳቢያ ከባሕር ማዶ የሚመጣው እህል ሲቋረጥባት፣ ዴንማርክ ሐኪሟን ሚኬል ሂንድሄድን ሰማች። ምክሩ አጭር ነበር፤ አሳማዎቹን ቀንሱ፣ አሳማ የሚበላውን እህልና ፉርሽካ ለሰው ስጡ የሚል። ሕዝቡ ፉርሽካ የተቀላቀለበት ጥቁር ዳቦ፣ የገብስ ገንፎና ድንች ሲበላ ከረመ። ሂንድሄድ በ1920 ባሳተመው ጽሑፍ እንደገለጸው፣ በዚያ ዓመት በአገሪቱ ረኃብ አልገባም፤ እንዲያውም የሟቹ ቁጥር ከቀደሙት ዓመታት አነሰ። ሁሉንም ለፉርሽካው መስጠት ባይቻልም፣ ቁጥሩ ምሥጢሩን በከፊል ይነግረናል። 100 ግራም ነጭ የስንዴ ዱቄት 360 ካሎሪ ያህል ሲሰጥ፣ 100 ግራም ፉርሽካ 216 ገደማ ይሰጣል። ከግማሽ ይበልጣል እንጂ አያንስም። በፉርሽካ ውስጥ ከአሰሩ ሌላ ፕሮቲንና ስታርች፣ ቫይታሚንና ማዕድንም አለ። እንግዲህ በፉርሽካ የተባዛ ዳቦ ሌላ፣ በእንጨት የተባዛ ዳቦ ሌላ ነው።

ወደ ዘመናችን ፋብሪካ ስንመለስ፣ ነገሩ የተጀመረው ከስኳር ነው ለማለት ይቻላል። ሳካሪን የተባለው ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ በ1879 ተገኘ። ከስኳር 300 እጥፍ ያህል ስለሚጣፍጥ አንድ ቁንጥር ይበቃል። ለሻይ ይህ ችግር የለውም፤ ስኳሩን ማውጣትና ቁንጥሩን መጨመር ነው። በብስኩት፣ በኬክና በቸኮላት ውስጥ ግን ስኳር የሚያጣፍጥ ብቻ አይደለም። ዕቃው የቆመበት ግድግዳም ነው። 100 ግራም ስኳር ወጥቶ አንድ ቁንጥር ሳካሪን ሲገባ፣ የጎደለውን ቦታ የሚሞላ ሌላ ነገር ያስፈልጋል። ኬሚስቶች ፍለጋ የወጡት ይህን የቦታ መሙያ ነበር። በአሜሪካ የፋይዘር ኩባንያ ያዘጋጀው ፖሊዴክስትሮስ ከግሉኮስ፣ ከሶርቢቶልና ከጥቂት የሎሚ አሲድ ተቀላቅሎ የሚሠራ ሲሆን፣ የአገሪቱ መንግሥት በ1981 ፈቅዶለታል። የስኳርን ያህል ቦታ ይይዛል፤ የሚሰጠው ኃይል ግን በግራም 1 ካሎሪ ነው። ከዕፅዋት ሥር የሚወጣው ኢኑሊን በግራም አንድ ተኩል ያህል ይሰጣል። የስኳር አልኮሆል በመባል የሚታወቁት ሶርቢቶል፣ ማልቲቶል፣ ዚሊቶልና ማኒቶል ደግሞ እንደ የዓይነታቸው ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ተኩል ካሎሪ ገደማ ናቸው። (ስማቸው አልኮሆል ቢባልም አያሰክሩም።) ኤሪትሪቶል የተባለው ለየት ያለ ነው፤ ከአንጀት ወደ ደም ይገባል፣ ነገር ግን ሰውነት ሳይጠቀምበት አብዛኛው እንዳለ በሽንት ይወጣል።

ለአንባቢ የሚያስገርመው፣ አንዱ ግራም እንደ አገሩ የተለያየ ካሎሪ ያለው መሆኑ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ለስኳር አልኮሆሎች ሁሉ በጅምላ 2.4 ብሎ ሲቆጥር፣ ኤሪትሪቶልን ብቻ ዜሮ ይለዋል። በአሜሪካ ለእያንዳንዱ የተለየ ቁጥር አለ፤ ማኒቶል 1.6፣ ማልቲቶል 2.1፣ ሶርቢቶል 2.6፣ ኤሪትሪቶል ዜሮ። አትላንቲክን የተሻገረ ሰው ሆዱ አይለወጥም። የተለወጠው የስሌቱ ልማድ ነው። በማሸጊያ ላይ የታተመ ቁጥር ሁሉ ከሚዛን የወረደ እውነት አድርጎ የሚመለከት ሰው ይህን ቢያስብበት መልካም ነው።

በተለይ የስኳር በሽታ ያለበት ወገናችን፣ ከውጭ አገር ዘመድ የላከለትን «ስኳር የሌለው» ቸኮላት ሲቀበል እንደ ልቤ እበላለሁ እንዳይል ሒሳቡን እናሳየው። 100 ግራም ቸኮላት 45 ግራም ስኳር ቢኖረው፣ ከስኳሩ የሚገኘው 180 ካሎሪ ነው። ስኳሩ በማልቲቶል ቢተካ በአውሮፓ ስሌት 108 ይሆናል። የተቀነሰው 72 ካሎሪ ብቻ ነው። 35 ግራም ቅባት ካለው ግን ከቅባቱ የሚመጣው 315 ካሎሪ እንዳለ ተቀምጧል፤ ማንም አልነካውም። ማልቲቶልም በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ከስኳር ባነሰ መጠን ይሁን እንጂ ከፍ ማድረጉ አይቀርም። ከዚህም ሌላ እነዚህ ነገሮች በብዛት ሲበሉ ሆድ ይነፋሉ፣ ያስቀምጣሉም። ከመቶ 10 እጅ በላይ የስኳር አልኮሆል ባለበት ምግብ ላይ፣ ሲበዛ ሆድ ሊያላላ እንደሚችል የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ እንዲታተም የአውሮፓ ሕግ የሚያስገድደው ያለ ምክንያት አይደለም።

እስካሁን የተነገረው ስለ ጠገበ ሰው ነው። ስንቁን በጀርባው ተሸክሞ ለሚጓዝ ወታደር ግን ጥያቄው ተገልብጦ ይመጣል፤ እርሱ የሚፈልገው ቦታ የሚሞላ ሳይሆን ቦታ የማይዝ ምግብ ነው። በተራራ ሲወጣና ሲወርድ የሚውል ሰው በቀን 3,500 ካሎሪ ያስፈልገዋል ብለን እንነሣ። የገብስ ቆሎ በ100 ግራም 370 ካሎሪ ያህል ስለሚሰጥ፣ አንድ ኪሎ የማይሞላ ቆሎ ይበቃዋል። በሶም እንደዚያው ነው። እንጀራ ብቻ ቢሆን ከግማሹ በላይ ውኃ ስለሆነ ሁለት ኪሎ ተኩል ያህል መያዝ አለበት። ድንች ቀቅሎ ቢጓዝ አራት ኪሎ። ጎመን ብቻ ቢሆን 14 ኪሎ! ቅቤ ወይም ዘይት ግን 400 ግራም ያህል ነው። በሶን በቅቤ ለውሶ ስንቅ ማድረግ በካሎሪ ሊቅ የተጠና ነገር አይደለም፤ ሆኖም አንድ የካሎሪ ሊቅ ቀርቦ ቢጠየቅ ከዚህ እጅግ የተሻለ መላ ይሰጣል ብዬ አላምንም። ፀሐይ ላይ የደረቀ ድርቆሽም በዚሁ ሐሳብ የተሠራ ነው፤ ያለ ጥቅም የሚከብደው ውኃ ወጥቶለታልና። ቆሎ የሚበላ ሰው ግን ውኃ በብዛት መጠጣት አለበት፤ ውኃውን በምግቡ ውስጥ ካልተሸከመው በኮዳው መሸከሙ የግድ ነው።

ከወታደሩም ይልቅ ይህ ነገር ሕይወትና ሞት የሚሆንበት ሌላ ሰው በየቤታችን አለ። እርሱም ጡት ላይ ምግብ የተጀመረለት ሕፃን ነው።

የሕፃን ሆድ ትንሽ ነው። የጤና ባለሙያዎች በአንድ ጊዜ የሚይዘውን በኪሎ ክብደቱ 30 ግራም ያህል አድርገው ያሰሉታል፤ 10 ኪሎ የሚመዝን የአንድ ዓመት ሕፃን በአንድ መብል 300 ግራም ማለት ነው። ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ያለ፣ ጡት እየጠባ ያለ ሕፃን ከጡቱ ሌላ በቀን 550 ካሎሪ ያህል ከምግብ ማግኘት አለበት። እንግዲህ እናቱ እንዲዋጥለት ብላ አጥሚቱን ታቀጥናለች። በ100 ግራም አጥሚት ውስጥ 10 ግራም ዱቄት ቢኖር የሚገኘው ከ40 ካሎሪ አይበልጥም። በቀን ሦስት ጊዜ እስኪጠግብ ቢሰጠው 900 ግራም ጠጥቶ ያገኘው 360 ካሎሪ ብቻ ነው። ሕፃኑ አልተራበም፤ ሆዱ ተነፍቷል፣ አላለቀሰም፣ ምግቡንም መልሷል። እናቲቱ ልጄ ጠግቧል ብትል አትዋሽም። በየቀኑ የሚጎድለው 190 ካሎሪ ግን ከገላው እየተቀነሰ ይከፈላል። በሌኒንግራድ ዳቦውን ያከበደው እንጨት ነበር፤ በዚህ ቤት አጥሚቱን ያበዛው ውኃ ነው።

ታዲያ ዱቄቱን በእጥፍ ጨምሪ ብትባል፣ ስታርች ሲፈላ ውኃ ጠጥቶ ስለሚያብጥ አጥሚቱ ገንፎ ይሆንና ሕፃኑ ሊውጠው አይችልም። ይህ በአፍሪካና በእስያ ያሉ የምግብ ሊቃውንትን ለብዙ ጊዜ ያስቸገረ ጉዳይ ነበር። መፍትሔው የተገኘው ጠላ የሚጠመቅበት ቤት ሁሉ ከሚያውቀው ከብቅል ነው። እህል ሲበቅል በውስጡ ያለውን ስታርች የሚቆራርጥ ኤንዛይም ያወጣል። ይህንን ነገር ከብቅል ውስጥ በ1833 ለይተው ያወጡት ፈረንሳውያኑ ፓየንና ፐርሶ ናቸው። ያው ፓየን ነው በ1838 ሴሉሎስን ለይቶ ያወቀው፤ የማይፈጨውንም የሚፈጨውንም በር የከፈተው አንድ ሰው መሆኑ ደስ የሚል ግጥምጥም ነው።

በታንዛኒያ በ1980ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ የተደረገው ጥናት እንዳሳየው፣ ወፍራም ሆኖ በተሠራ ገንፎ ላይ ጥቂት የብቅል ዱቄት ሲጨመር ገንፎው በደቂቃዎች ውስጥ ቀጥኖ የሚጠጣ ይሆናል። በስዋሂሊ ቋንቋ «ኪሜያ» ይሉታል። የተጨመረ ውኃ የለም፤ ዱቄቱ እንዳለ ነው። ዱቄቱ ከ10 ግራም ወደ 20 ግራም ከፍ ሲል ካሎሪውም ከ40 ወደ 80 ስለሚጠጋ፣ ያ ሕፃን 550 ካሎሪውን ከ700 ግራም በማይበልጥ አጥሚት ያገኘዋል፤ ለትንሽ ሆዱ የሚቻል ነው።

አሠራሩ የሚያስቸግር አይደለም። ገብስ፣ ስንዴ ወይም ዳጉሳ ተነክሮ፣ በቅሎ፣ በፀሐይ ደርቆ ይፈጫል። ሻጋታ የያዘው ብቅል ለጠላም አይሆንም፤ ለሕፃንማ ጨርሶ አይነካም። ገንፎው በወፍራሙ ከበሰለ በኋላ ከእሳት ይወርድና ጥቂት ይቀዘቅዛል፤ የሚፈላ ውኃ ኤንዛይሙን ይገድለዋልና። ከዚያ አንድ የሻይ ማንኪያ የብቅል ዱቄት ጨምሮ ማማሰል ነው። ሲቀጥን እንደገና እሳት ላይ ተጥዶ አንድ ጊዜ መፍላት አለበት፤ ዱቄቱ ጥሬ ስለሆነ ተቅማጥ የሚያመጣ ተሕዋስ ሊኖርበት ይችላል። ጥቂት ዘይት ወይም የተፈጨ ኑግ፣ ከተቻለም እንቁላል ቢጨመርበት ካሎሪውም ፕሮቲኑም ከፍ ይላል። ብቅሉ የማሽላ ከሆነ ግን ቡቃያውና ሥሩ ከፍሬው ላይ በደንብ ታሽቶ መራገፍ ይኖርበታል፤ የማሽላ ቡቃያ መርዝነት ያለው ነገር አለበትና።